የመተማ ጥጥ በጠረጴዛ ላይ

መተማ አካባቢ፣ ገንዳ ውሃ ላይ የስፌት መኪና ያለው ሁሉ የጠረጴዛ ልብስ ይሰፋል፤ ብዙዎቹ ግን ከቀሚስና ከዩኒፎርም ሥራ ጊዜ ሲተርፋቸው ነው። እኔ ዋና ሥራዬ አድርጌዋለሁ። ሁለት ጨርቅ፣ በመሃላቸው የተነደፈ ጥጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስመር የተሰፋ። ጥጡ የዚሁ የቆላው መሆን አለበት፤ በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመተማ ገበያ ከጎንደር ወደ ሱዳን ለሚወርድ ነጋዴ ትልቁ በር ነበር። ከደጋ ቡና፣ ሰምና በቅሎ ይወርዳል፤ የሚያሳዝነው ሰውም ይሸጥ ነበር። ከቆላ ወደ ላይ ከሚወጣው አንዱ ጥጥ ነው። ደጋው ብርድ ስለሆነ ጥጥ አያበቅልምና የጎንደር ሸማኔ፣ ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም፣ የቆላን እጅ ይጠብቃል። ከዳርፉር በኩል መጥተው መተማ ላይ የሰፈሩት ተክሩሮች ጥጥ ያለሙ ነበር፤ ትጋታቸውን በ1854 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር ጽፎላቸዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ፤ የዚያ ዘመን ጦርነት ገበያውንም በተነው። ገበያው ቆይቶ አገገመ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ሸማኔው ማሽን ሆነ እንጂ የጥጡ መንገድ አልተቀየረም፤ ከእኛ ጥሬውን ይወጣል፣ ጨርቅ ሆኖ በሱቅ ይመለስልናል። ይህ ያንገበግበኛል።

ዕቃን ማልበስ ደግሞ ከውጭ የተማርነው ነገር አይደለም። አያቶቻችን ጠረጴዛ ባይኖራቸውም መሶብ ነበራቸው፤ መሶቡም የራሱ ልብስ ነበረው። ዳዊቱ ከማኅደሩ ሳይገባ አያድርም። ሬዲዮ ቤት የገባ ጊዜ ባለቤቶቹ ፈጥነው በጥልፍ ጨርቅ ሸፈኑት፤ ቡፌና ቴሌቪዥን ሲከተሉ ዳንቴል ሳሎኑን ሞላው። እናቴ ማታ ማታ በኪሮሽ የሠራቻቸው ዳንቴሎች ዛሬም ቤቴ አሉ። ውብ ናቸው፤ ግን ክፍት ክፍት ስለሆኑ የዚህን አገር አቧራ ያሳልፋሉ፣ ትኩስ ነገርም አይመክቱም። ጀበና ወይም ድስት ከምድጃ ወርዶ ቫርኒሽ ላይ ካረፈ ነጭ ክብ ይተዋል፤ ያ ክብ በምንም አይለቅም ብለው የሚያለቅሱ ሙሽሮች አይቻለሁ። ጥጥ መሃሉ ያለበት ልብስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንዳንዷ ደንበኛ ትመጣና «እትዬ፣ በስፖንጅ ይሁንልኝ፣ ወፈር ይላል» ትለኛለች። ስፖንጅ በጣም የጋለ ድስት ሲያርፍበት ሊበላሽና ጨርቁ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ጥጥ ግን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱ ቶሎ ወደ እንጨቱ አይደርስም። ታጥቦም ይመለሳል፤ ስፌቱ ከተጠጋጋ ነው ይህ። መስመሮቹ ከአራት ጣት በላይ ከተራራቁ ጥጡ በመጀመሪያው እጥበት አንድ ጥግ ይከማቻል፤ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋም ጎርባጣ ይሆናል። ስለዚህ በመኪና ከመስፋቴ በፊት በእጅ በሰፋፊው እወሳውሰዋለሁ። አድካሚ ነው፤ ያለሱ ግን ላይኛው ጨርቅ ይሸሻል።

ከስፌቱ በፊት ያለውን ሥራ የሚሠሩልኝ አሮጊቶች ናቸው። ፍሬውን በመዳመጫ ያወጣሉ፣ ጥጡን በደጋን ይነድፋሉ። የደጋኑ ጅማት ሲመታ ጥጡ ይፈታና ይነፋል፤ ውስጡ አየር የሚገባውም ያኔ ነው። በፋብሪካ ተጠቅጥቆ የመጣ ጥጥ እንዲህ አይከፈትም። እኔ ከምቀበለው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለነሱ ይሄዳል፣ የሚገባቸውም ነው። ደጋን የሚይዙት ሁሉም በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሰሊጥ አጨዳውን ይመርጣሉ፣ ገንዘቡ ፈጣን ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ስፌት የሚያስተምሩ የሙያ ትምህርት ቤቶች ግን ከመኪናው ጎን አንድ ደጋን ቢያስቀምጡ፣ አንዷ አሮጊትም ደመወዝ ተከፍሏት ብታስተምር እወዳለሁ። ተማሪዋ ስፌት የምትማረው ጥጥ በሚበቅልበት አገር ነው፤ ከፍሬው ጀምራ ልትማረው ይገባል።