አንድ ጎማ፣ ሁለት እጅ

ማጀቴ ላይ ጎማ ለመንዳት ብስክሌት አያስፈልግም። ማጀቴ ብቻም አይደለችም፤ ካራቆሬም፣ አጣዬም፣ ሸዋ ሮቢትም ያው ነው። አንድ ያረጀ ቸርኬና ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ካለ በቂ ነው። ልጁ ቸርኬውን እየገፋ ከኋላው ይሮጣል። ቸርኬው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል በሽቦው ነካ ያደርገዋል፣ ተመልሶ ይቀናል። ሱቅ የተላከ ልጅ ያለ ቸርኬው አይሄድም፣ ያለ ቸርኬውም አይመለስም። አዲስ አበባ ያደጋችሁ አንባቢዎቻችንም ብትሆኑ ነገሩ እንግዳ የሚሆንባችሁ አይመስለንም።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚሁ አንድ ጎማ ነው። ይልቁንም ልጁ ከኋላው መሮጡን ትቶ ላዩ ላይ ልውጣ ያለ ዕለት ስለሚሆነው። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ማለታችን ነው፤ መሪ የሌለው፣ ፍሬን የሌለው፣ ካቴና የሌለው፣ አንድ ጎማ፣ ሁለት ፔዳልና አንድ ኮርቻ ብቻ የሆነ ነገር። አገራችን የገባው በሰርከስ በር ነው። የሰርከሱ ታሪክ ደግሞ ከጎማው ይልቅ የእጅ ታሪክ ነው፤ ማን ያዘ፣ ማን ለቀቀ፣ መቼ ለቀቀ የሚል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እናንተንም ራሳችንንም ላለማደናገር ብለን ነው።)

ጣሊያን ጥሎት የሄደው

ከስሙ እንጀምር። ቸርኬ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ከመነዳሪ። የብስክሌት ጠጋኝ አፍ ውስጥ ያለው ቃል ገሚሱ የጣሊያን ነው። በ1936 ገብተው በ1941 የወጡት ሰዎች ከመርዝ ጋዙና ከግፉ ጋር ጋራዥም ይዘው መጥተው ነበር። የጣርማ በርን ተራራ የበሳው ዋሻም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከደጋው ደብረ ብርሃን ተነስቶ በዋሻው በኩል ደብረ ሲና የሚወርደው፣ ከዚያም የይፋትን ቆላ ይዞ ወደ ደሴ የሚያቀናው መንገድ ለማጀቴም ልጆች ብዙ ነገር አምጥቶላቸዋል። አንዱ ቸርኬ ነው።

ብስክሌቱም ከጣሊያኖቹ ጋር አልወጣም። አስመራን የብስክሌት ከተማ አደረጋት፣ መቀሌና ባሕር ዳርም የየራሳቸውን ድርሻ ወሰዱ። ሌላው ከተማ ደግሞ በኪራይ ተማረ። ሜዳ ዳር ቆሞ ብስክሌት በደቂቃ የሚያከራይ ሰውዬ ያላየ ከተሜ ያለ አይመስለንም። ገንዘብ የሚዋጣው በአምስት ልጅ ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ አራቱ ይሮጣሉ። ከአራቱ ደግሞ አንደኛው ኮርቻውን ከኋላ ይይዛል። «አትልቀቀኝ!» ይላል ጋላቢው። «ይዤሃለሁ!» ይላል ያኛው፤ ከለቀቀ ቆይቷል። እዚህ አገር ብዙ ሰው ብስክሌት የተማረው በዚህች በጎ ውሸት ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1956 ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ነው። ከ12ቱ ተወዳዳሪዎች መካከል ሯጮች ብቻ አልነበሩም፤ ብስክሌት ጋላቢዎችም ነበሩ። እነገረመው ደንቦባ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ ከአራት ዓመት በፊት በጎማ ላይ ሆነው የአገራቸውን ስም አስጠርተዋል። አውስትራሊያን ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

መውጣት ሳይሆን መውረድ

ሁለተኛው ጎማ የት ሄደ? የተለመደው ታሪክ እንዲህ ይላል። በ1870ዎቹና 80ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የፊት ጎማው ሰው የሚያክል፣ የኋላው ግን ድክ ድክ የሚል ብስክሌት ፋሽን ነበር። ፔዳሉ በቀጥታ የተሰካው ትልቁ ጎማ ላይ ነው። ጋላቢው ድንገት ፍጥነት ሲቀንስ የኋላው ጎማ ብድግ ይላል፤ ለቅጽበትም ቢሆን ሰውየው በአንድ ጎማ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው በአፍንጫው ይደፋል። ጥቂቱ ግን «ቆይ፣ ይሄ ነገር ይቻላል እኮ» አለ። ፊሊፕ አስትሊ የተባለ ፈረሰኛ በ1768 ለንደን ላይ የጀመረው ሰርከስ ያን ጊዜ መቶ ዓመት አልፎታል፤ አዲሱንም ጉድ በደስታ ተቀበለው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው መውጣትን አይደለም፤ መውረድን ነው። ሚዛን ሲስትህ ጎማውን ትተህ በእግርህ ቁም። ጎማው ይውደቅ፣ እሱ አያመውም። ለጀማሪ የሚመከረው ባለ 20 ኢንች ጎማ ነው። ኮርቻው ቆመህ ስትለካው እንብርትህ ጋ ይደርሳል፤ ተቀምጠህ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ እጥፍ የሚለው ለአመል ያህል ነው። ፔዳሉ ከጎማው ጋር አንድ አካል ስለሆነ እግርህ ቆመ ማለት ጎማው ቆመ ማለት ነው። እንደ ሌላው ብስክሌት ፔዳሉን አቁሜ ልንሸራተት ማለት የለም።

የጀማሪው ትልቁ ጣጣ ቆሞ ሚዛን ልጠብቅ ማለቱ ነው። አይሆንም። ወደፊት ዘንበል ስትል ጎማው ደርሶ ከሥርህ እንዲገባ መምታት አለብህ፤ መጥረጊያ በመዳፍህ አቁመህ ላለመጣል እጅህን እንደምታንቀሳቅሰው ዓይነት ነው። ቸርኬ የሚነዳው ልጅም የሚያውቀው ይሄንኑ ነው፤ የቆመ ቸርኬ ይወድቃል፣ የሚሄድ ቸርኬ ይቆማል። ሁለተኛው ጣጣ ክብደትን ፔዳሉ ላይ መጣል ነው፤ ክብደት የኮርቻው ነው። ሦስተኛው ጎማውን ቁልቁል ማየት ነው፤ ዓይን ሩቅ ይይ። የ20 ኢንች ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 1.6 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሜትሮች ስድስት ዙር ናቸው። እነዚህን ስድስት ዙሮች ለማግኘት ብዙው ሰው ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚለማመድ ግን ከሳምንታት በላይ አይቆይም።

ድጋፍስ? ግድግዳ ይዞ መጀመር ይቻላል። ግን ግድግዳ መጥፎ አስተማሪ ነው፤ ስትደገፈው ዝም ይልሃል፣ አንተም ወደሱ እንዳዘነበልክ ትቀራለህ። ጃፓን ውስጥ ብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት አላቸው፤ ሕፃናቱ የብረት አጥር ይዘው ይጀምሩና ቀስ በቀስ እርስ በርስ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ምርጡ ድጋፍ የሰው እጅ ነው። ያውም የሚጨብጥ ሳይሆን መዳፉን ከሥር የሚዘረጋ። መጀመሪያ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ፣ ከዚያ አንድ ሰው፣ ከዚያ የአንድ ሰው ሁለት ጣት፣ ከዚያ ምንም። ጥሩ አሰልጣኝ የሚታወቀው በአያያዙ አይደለም። የሚለቅበትን ሰዓት በማወቁ ነው።

አዲስ አበባ፣ 1991

ደርግ በወደቀበት በዚያው ዓመት አንድ ካናዳዊ አስተማሪ አዲስ አበባ ላይ ለልጆች ኳስ ወርውሮ መቅለብ ማሳየት ጀመረ። ልጆቹ ከእሱ በፊትም ይገለባበጡ ነበር፤ የካራቴ ፊልም አይቶ አሸዋ ላይ ያልተገለበጠ የሰፈር ልጅ ማን ነው? የጎደላቸው ቦታ፣ ዕቃና የሚያይ ሰው ነበር። ከዚያ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተወለደ። ብዙም ሳይቆይ ጅማ፣ መቀሌና ናዝሬት የየራሳቸውን ሰርከስ አገኙ። የኢትዮጵያው ሰርከስ አንበሳና ዝሆን አልነበረውም። የነበረው ልጆች፣ ሙዚቃና መልእክት ነው። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለተቀበረ ፈንጂ፣ ስለ ጎዳና ሕይወት በየአደባባዩ አሳዩ። ከዚያ አልፈው አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ተጋበዙ። ትናንት ጎዳና ላይ የነበረ ልጅ በአውሮፕላን ሄዶ በጭብጨባ ተቀበሉት።

ቤት ውስጥ ግን ጭብጨባው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። «ትምህርትህስ?» ይላሉ እማማ። እውነት አላቸው። ሰርከስ የሚሰጠው ዲፕሎማ የለም፣ የጡረታ ቁጥርም የለው። አዝማሪን ንቆ በዜማው የሚያለቅስ አገር ዘላዩንም ንቆ ያጨበጭብለታል።

ከዚያ 1998 መጣ። ለትርኢት አውስትራሊያ የሄደው ቡድን አባላት፣ 15 የሚሆኑ ወጣቶች፣ አንመለስም ብለው ጥገኝነት ጠየቁ። ምክንያታቸውን ሲናገሩ በሰርከሱ ውስጥ ደረሰብን ያሉትን በደል አነሱ፤ በመሥራቹም ላይ ከባድ ክስ አቀረቡ። እሱም ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ በማግሥቱ ዓመትም ሕይወቱ አለፈ። ነገሩ በፍርድ ቤት ተጣርቶ እልባት ሳያገኝ ቀረ።

ይሄን የምንጽፈው ሐሜት ልናሞቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሰርከሳችን ታሪክ ሲወራ ይህ ምዕራፍ ይዘለላል፤ ወይ ደግሞ ይሄ ብቻ ይወራና የልጆቹ ጥበብ ይዘለላል። ሁለቱም ልክ አይመስለንም። በ1956 አውስትራሊያ የሄዱት ጋላቢዎች ባይሸለሙም አገራቸው ገቡ። በ1998 የሄዱት ጭብጨባ ጠግበው እንኳ መመለስ አልፈለጉም። በመካከል የተቀየረው ምንድን ነው? አንዱ መልስ እዚያው ጎማው ላይ ያለ ይመስለናል። አንድ ልጅ ሚዛኑን ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው እጅ ላይ ሲጥል ያ እጅ ሥልጣን አለው። ምግቡም፣ ፓስፖርቱም፣ መድረኩም በዚያው እጅ ከሆነ ሥልጣኑ ወሰን ያጣል። የሚያይ ወላጅ፣ የሚጠይቅ ማኅበር፣ ቤቱን የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ በቂ አልነበረም።

ከተለቀቁ በኋላ

ደስ የሚለው፣ ጎማው በዚያ አልወደቀም። በሰርከሱ ውስጥ ያለፉና እነሱን አይተው የተነሱ ወጣቶች ራሳቸው አሰልጣኝ ሆኑ። በ2004 አዲስ አበባ ላይ ፍካት ሰርከስ ተቋቋመ፤ የመሠረቱት ራሳቸው ትርኢተኞቹ ናቸው። እነዚህ ልጆች ቀይ አፍንጫ አድርገው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ገብተው የታመሙ ሕፃናትን ማሳቅን ሥራቸው አደረጉ። በ2015 ደግሞ የመጀመሪያውን የአፍሪካ የሰርከስ ጥበብ ፌስቲቫል አዲስ አበባ ላይ አዘጋጁ፤ በ2018 ደገሙት። ባሕር ማዶም ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም የተባሉ ወንድማማቾች፣ በልጅነታቸው ወጥተው እንግሊዝ የኖሩ ቀላቢዎች፣ ሰርከስ አቢሲኒያን መሥርተው አገር ቤት የሠለጠኑ ወጣቶችን በ2017 ኤድንብራ ላይ አሳዩ። ኋላም የደራርቱ ቱሉን ሕይወት በሰርከስ ተረኩት።

ወደ ማጀቴ ቀረብ እንበል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከዋሻው በላይ ባለው ብርድ፣ ሰርከስ ደብረ ብርሃን አለ። ይሄ ቡድን የሚለየው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ከሌሎቹ ጋር አንድ መድረክ ላይ በማቆሙ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ሙዚቃውን ሳይሰማ ሰዓቱን ጠብቆ ጓደኛው ትከሻ ላይ ይወጣል። እንዴት? የሚይዘውን ሰው እጅ በማንበብ። «እነዚህ ምን ይችላሉ» ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ንግግር የለም።

ከዋሻው በታች ያለው አገር ግን ገና ነው። ያ መንገድ በ2021 አጣዬ ስትቃጠል አይቷል፤ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲያዳርስም አይቷል። ልጆች ጎማ የሚነዱበት መንገድ መጀመሪያ ሰላም መሆን አለበት። ይህን እኛ በጽሑፍ አናመጣውም። ልንል የምንችለው ትንሽ ነው። የማጀቴ ልጅ ጎማ አላነሰውም፣ ሚዛንም አላነሰውም፤ ያነሰው በግራና በቀኝ የሚቆም ሰው ነው። አንድ የስፖርት መምህር፣ አንድ ሜዳና ሁለት ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ለጅምሩ ይበቃል። ከጎኑም ወላጆች ይቀመጡ፤ እያዩ፣ እየጠየቁ።

የታሪክ ነገር ሆኖ ስማቸው የሚጻፈው የተመለከትናቸው ናቸው፤ አየር ላይ የተገለበጡት፣ ፖስተር ላይ የወጡት። ከሥር መዳፋቸውን ዘርግተው የቆሙት ግን በየትም አልተመዘገቡም። እስቲ ሥራ እንስጣችሁ። በየሰፈራችሁ፣ በየቀበሌው አዳራሽ ልጅ ያሠለጠነ ሰው አይጠፋምና ፈልጋችሁ ጠይቁት። እንዴት እንደያዘ ብቻ አትጠይቁት፤ መቼና እንዴት እንደለቀቀም ጠይቁት። ያኛው ግማሽ ታሪካችን እሱ ጋ ነው ያለው።

ቸር እንሰንብት።