ሆድ ብቻውን አያውቅም

እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰሃኑ ከፊቷ እንደተነሳ «ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» ትለን ነበር። ጎረቤት ለቡና ሲመጣ ደግሞ «ጦሜን አዋሉኝ» ብላ ትናገራለች። በሰው ፊት አፈርኩ፤ አልዋሽም፣ ተቆጣሁም። «እማዬ፣ አሁን አይደል እንዴ የበላሽው?» ብዬ የጮህኩባት ቀን ዛሬም ይቆረቁረኛል።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እየተባልን ያደግን ነንና፣ ጥጋብን የሚያውቀው ሆድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ስህተት ያወጣኝ የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ ነው።

ሄንሪ ሞሌይሰን የሚጥል በሽታ ያሰቃየው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ቀዶ ሐኪም በሃርትፎርድ ከተማ ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ከፊሉን ከግራም ከቀኝም፣ ከአጎራባቾቹ ጋር አወጣለት። በሽታው ቀለል አለ፤ ዳሩ ግን አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታው አብሮ ሄደ። በ2008 እስኪሞት ድረስ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ያነጋገረውን ሰው እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበል ነበር።

በ1985 የታተመ ጥናት እንደሚነግረን፣ አንድ ቀን ራቱን በልቶ ገበታው ከተነሳ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሌላ ራት ቀረበለት። ሄንሪም በለመደው ፍጥነት በላ፤ አብዛኛውንም ጨረሰ። ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ረሃቡን ሲጠየቅ መልሱ እምብዛም አይለያይም ነበር።

በ1998 ደግሞ ፖል ሮዚንና ባልደረቦቹ ትዝታቸው ክፉኛ ለተጎዳ ሁለት ሕሙማን ምሳ ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው ሁለተኛ ምሳ አቀረቡ፤ ሁለቱም በሉ። ሦስተኛውን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ጀምረውታል።

ሆድ መልእክት አይልክም ማለት አይደለም። ሲሞላ በነርቭ፣ ከዚያም በደም በሚዞሩ ሆርሞኖች ለአንጎል ይናገራል። አንጎል ግን መልእክቱን የሚመዝነው «መቼ በላሁ? ምን በላሁ?» ከሚለው ትዝታ ጋር ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ የዕለቱን ምሳ እንዲያስታውስ ሲደረግ ኋላ የሚቀርብለትን ብስኩት ቀንሶ እንደሚበላ ሱዛን ሂግስ በ2002 አሳይታለች።

አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚጎዳቸው ክፍሎች አንዱ ይኸው ሂፖካምፐስ ነው። እናቴ አልዋሸችም፤ ልጆቿንም አላማችም። ምሳው በሆዷ ነበረ፤ በትዝታዋ ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ፣ በመጮህ ፈንታ ትንሽ ቆርሼ አጎርሳት ነበር።