ፕሮባዮቲክ ባክቴሪያና ቅባት የበዛበት መኖ፦ ለበግ አሞካቾች የተዘጋጀ መረጃ

ፕሮባዮቲክ በተገቢው መጠን ሲሰጥ ለእንስሳው ጤና የሚጠቅም ሕያው ደቂቅ ዘአካል ነው። በስፋት የሚታወቁት ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም የተባሉ ባክቴሪያዎች እንዲሁም እርሾ ናቸው። ይህ መረጃ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በአንኮበር ወረዳ፣ በአሊዩ አምባና በአካባቢው በጎችን ለፋሲካና ለአረፋ ገበያ ለሚያሞክቱ አርቢዎች ቀርቧል።

የቅባት ጉዳት

የኑግ ፋጉሎ በፕሮቲን የበለጸገ መኖ ነው። ይሁን እንጂ ዘይቱ በደንብ ያልተጨመቀለት ፋጉሎ ብዙ ቅባት ይይዛል። በበግ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ገለባና ሣር የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ቅባት ከጠቅላላው ደረቅ መኖ ከ6 እስከ 7 በመቶ ሲያልፍ እነዚህን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፤ በጉም መኖ ይቀንሳል፣ ክብደት መጨመሩም ይገታል። በዚህም ለፋጉሎ የወጣው ገንዘብ ያለ ውጤት ይቀራል።

የፕሮባዮቲክ ድርሻ

በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ቅባት የበዛበት ምግብ የአንጀትን ግድግዳ እንደሚያዳክም፣ አንዳንድ የፕሮባዮቲክ ዝርያዎችም ጉዳቱን እንደሚቀንሱ ታይቷል። በግ ግን የሚያመነዥክ እንስሳ በመሆኑ ይህ ውጤት በቀጥታ አይሠራለትም። ለሚያመነዥኩ እንስሳት የሚሰጥ ሕያው እርሾ ከመኖ ጋር የሚገባውን ኦክስጅን በመጠቀም ገለባ አብላይ ባክቴሪያዎችን ይረዳል። ሆኖም የተመጣጠነ መኖን አይተካም።

አርቢዎች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ተግባራት

1. ፋጉሎን ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ማስለመድ፤
2. ድርቆሽ ወይም ገለባ ሳያቋርጡ ማቅረብ፤
3. ፕሮባዮቲክ ሲገዙ በመለያው ላይ ለየትኛው እንስሳ እንደተዘጋጀ፣ የአጠቃቀም መጠኑንና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ማረጋገጥ፤
4. አሊዩ አምባ ሞቃታማ በመሆኗ ምርቱን በቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ፤ ሙቀት ሕያዋኑን ይገድላል፤
5. ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚወስድ በግ ካለ ፕሮባዮቲክ ከመስጠት በፊት የእንስሳት ሐኪም ማማከር።

አገልግሎት ስለማግኘት

በጉ መኖ ካቆመ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ካስቀመጠው ፕሮባዮቲክ ሕክምና ስላልሆነ ሳይዘገይ ወደ አቅራቢያው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱት። የመኖ ቀመር ምክር ለማግኘት በየቀኑ የሚሰጡትን የመኖ ዓይነትና መጠን በመያዝ የቀበሌውን የእንስሳት ልማት ባለሙያ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 728/2004 የተደነገገ በመሆኑ፣ መለያ የሌለው ምርት ሲያጋጥምዎ ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ።