የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ

የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ከመኖሪያ ቤቶችና ከተቋማት በቱቦ የሚደርሰውን ፍሳሽ አጣርቶ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይለቃል። የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ለቦታው የከተማዋ አቀማመጥ አግዞታል፤ ምድሩ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ስለሚያዘቀዝቅ ፍሳሹ አብዛኛውን መንገድ ያለ ፓምፕ ይወርዳል።

ጣቢያው በ1970ዎቹ ሲሠራ ማጣሪያው ተከታታይ ኩሬዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ኩሬ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፀሐይ፣ አልጌና ባክቴሪያ ናቸው፤ የሚቃጠል ሞተርም ሆነ የሚጠበቅ መለዋወጫ የለም። ነገር ግን ውሃው ለብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መተኛት ስላለበት ሰፊ መሬት ይፈልጋል። ዝቃጩ በጊዜው ካልተጠረገ ደግሞ የኩሬው ጥልቀት ይቀንሳል፣ ውሃውም በቅጡ ሳይጣራ ይወጣል። የኩሬዎቹ አቅም በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር፤ የታሰቡትም ለ50,000 ያህል ሰው ነው። ሕዝቧ በሚሊዮን ለሚቆጠር ከተማ ይህ እጅግ ጥቂት ነበር።

በዓለም ባንክ ድጋፍ ተካሂዶ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ማስፋፊያ አቅሙን በቀን ወደ 100,000 ሜትር ኩብ አሳድጎታል፤ ከቀድሞው 13 እጥፍ ያህል ማለት ነው። የተለወጠው ግን መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዘዴውም ጭምር ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ ፌስታል፣ ጨርቅና አሸዋ ይለይለታል። ይህ ቀላል የሚመስል ክፍል የሌላው መሣሪያ ሁሉ ጠባቂ ነው፤ በክረምት ጎርፍ ወደ ማንሆል የሚያስገባው አሸዋ ካለፈ ፓምፕ ይበላል፣ ገንዳ ይሞላል።

ቀጥሎ ያለው የጣቢያው ልብ ነው፤ ፍሳሹ ከታች ገብቶ ወደ ላይ የሚወጣበት አየር አልባ ገንዳ። ውሃው በወፍራም የዝቃጭ ንጣፍ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያብላሉታል። ከላይ ያለው መለያ ጋዙን ወደ አንድ ወገን፣ ውሃውን ወደ ሌላ ይመራል፤ ዝቃጩን ወደ ታች ይመልሳል። ይህን ዘዴ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት ኔዘርላንዳዊው ጋትዜ ሌቲንጋ ናቸው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ገና ስለማይጠራ ወደ ጠብታ ማጣሪያ ይሄዳል። በዚያ በማጣሪያው አካል ላይ ይረጫል፤ እየተንጠባጠበ ሲወርድ በላዩ ላይ የተለጠፈው የባክቴሪያ ሽፋን የቀረውን ቆሻሻ ከአየር ባገኘው ኦክስጅን ይጨርሳል። በመጨረሻም በማጥለያ ገንዳ ይረጋል።

ምርጫው ለከተማዋ የተገባ ነበር። በብዙ አገሮች የተለመደው ዘዴ ቀንና ሌሊት በትላልቅ ማሽኖች አየር መንፋት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባክቴሪያው ይታፈናል፣ የኤሌክትሪክ ወጪውም ከባድ ነው። አየር አልባው ገንዳ ንፋት አያስፈልገውም፣ የሚያወጣው ዝቃጭም ያነሰ ነው። ሆኖም የራሱ ጣጣ አለው። ባክቴሪያዎቹ ሙቀት ይወዳሉ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ማጣራቱ ከቆላው ይልቅ ይዘገያል። ውሃው ሲቀዘቅዝም ሟሙቶ የሚያመልጠው ሚቴን ይበዛል፤ ሚቴን ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ የሙቀት አማቂ ጋዝ ነው። ስለዚህ ጋዙን ሰብስቦ ማቃጠል ወይም ለኃይል መጠቀም የማጣራቱ አካል እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ጣቢያው የሚያጣራው የደረሰውን ብቻ ነው። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘ ቤት ጉድጓዱን በፍሳሽ መኪና ያስመጥጣል፣ አለዚያ ፍሳሹ ወደ ወንዝ ይገባል። በአቃቂ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች የሚያጠጡት ይህንኑ ውሃ ነው፤ አትክልቱም የሚሸጠው ለከተማዋ ነው። ስለዚህ ለጣቢያው አቅም የወጣው ገንዘብ ፍሬ የሚያፈራው የቤት ለቤት ቅጥያው እኩል ሲራመድ ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። ይህ ዘዴ ፎስፈረስን ብዙም አይቀንስም። ወንዙ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ግድቡ ለረጅም ጊዜ በእንቦጭ የተጠቃ ነው፣ እንቦጭን የሚያፋፋውም ከከተማ የሚወርደው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነው። ከግድቡ የሚወጣው ውሃ አዋሽን ይቀላቀላል። የጣቢያው ቀጣይ ማሻሻያ ከዚህ መጀመር አለበት።