አበበ ቢቂላ፣ ወጌሻና የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ

ጠረጴዛ ቴኒስ ሰው ይጎዳል ብንላችሁ ትስቃላችሁ። እኛም ስቀን ነበር። 2.7 ግራም የምትመዝን ኳስ ማንን ትሰብራለች?

ሳቃችን ሮቤ ላይ ቆመ። ከእኛ አንዱ መረቡ ሥር የወደቀች ኳስ ሊያድን ሲንደረደር፣ ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማው ሲሚንቶው ላይ አዳለጠውና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። በአገራችን ሰው ሲወድቅ ተመልካቹ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ "በሙቅ ውሃ ይታሽ" አለ፤ ሌላው "ቅቤ አምጡ" አለ፤ ሦስተኛው "ተነሥና ርገጥበት፣ ሳይቀዘቅዝ!" ብሎ ጮኸ። እኛም ተሰብስበን አሸነው። በማግስቱ እግሩ እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ብሎ አደረ።

ወጌሻ ዘንድ ወሰድነው። እማማ እግሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። አጥንቱን ጫን ሲሉት ልጁ ጮኸ። እጃቸውን ሰበሰቡና "ልጄ፣ ይሄ የእኔ አይደለም። ጎባ ውረድና ራጅ ተነሣ" አሉት። ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ራጁ አጥንቱ መሰንጠቁን አሳየ። ጀሶ ታሰረለትና ስድስት ሳምንት እንዲያርፍ ተነገረው።

በእነዚያ ሳምንታት አንድ ጥያቄ ያዘን። የተጎዳ ሰው የሚመለሰው እንዴት ነው? ስናገላብጥ ያገኘነው ታሪክ ግን ፈጽሞ ያልጠበቅነው ሰው ታሪክ ሆነ።

በመጀመሪያ ስለ ወጌሻ

ባሌ ውስጥ ኦሮምኛ ለሚሰማ ሰው "ወጌሻ" የሚለው ቃል እንግዳ አይሆንበትም፤ "ኦጌሳ" ማለት ባለሙያ ማለት ነውና። የእግር ኳስ ቡድኖቻችንም ሜዳ ዳር ቦርሳ ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ወጌሻ ብለው ነው የሚጠሩት። የተከበረ ሙያ ነው። ውልቃትን በመመለስ የተመሰገኑ ብዙዎች ናቸው።

ግን ሌላም ገጽ አለው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ጋንግሪን ይሆናል። በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በሆስፒታሎቻችን ታይተዋል። እኛን ያተረፈችን እማማ "የእኔ አይደለም" ያሏት አንዲት ቃል ናት። ወሰኑን የሚያውቅ ወጌሻ ትልቅ ወጌሻ ነው።

አሁን ወደ አበበ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)

አበበ ቢቂላን የምናውቀው በእግሩ ነው። መስከረም 10 ቀን 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በአምስት ሳምንቱ ገደማ ቶኪዮ ላይ 2:12:11.2 ገብቶ የዓለምን ሰዓት ሰበረ። ይህን ስንሰማ "ጀግና አያርፍም" ብለን እንደመድማለን። ያው ጀግና ግን በ1968 ሜክሲኮ ላይ ጉዳት እንደያዘ ሮጦ፣ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ለማቋረጥ ተገድዷል። ሰውነት የሚታዘዝበትም፣ እንቢ የሚልበትም ጊዜ አለው።

መጋቢት 22 ቀን 1969 ሌሊት ቮልስዋገኑ ተገለበጠች። አበበ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ አቃተው። በሳምንቱ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

ይህን የሆስፒታሉን የአከርካሪ ጉዳት ክፍል በ1944 የከፈቱት ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ ተጥሎ፣ በመኝታ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ጉትማን ሁለት ነገር አደረጉ። በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ። ቀጥሎም ስፖርትን እንደ መድኃኒት ሰጡት። ቀስት መወርወር ትከሻን ያጠነክራል። ጠረጴዛ ቴኒስ ደግሞ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ይመስላል፤ ኳሷ ቀላል፣ ሜዳው ጠባብ ነው። ክንድን ያሠራል፣ ወገብን ሚዛን ያስይዛል፣ ዓይንና እጅን ያስተባብራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ሌላ ሰው አለ።

ጉትማን በ1948 በ16 ተወዳዳሪዎች የጀመሩት ጨዋታ በ1960 ሮም ገባ። ቀኑን ልብ በሉ፤ መስከረም 18። አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ስምንት ቀን ቢሆነው ነው! ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው ያ ነው፤ ጠረጴዛ ቴኒስም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቀርቶ አያውቅም።

አበበ ስቶክ ማንዴቪል ስምንት ወር ቆየ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1970 በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታ ቀስት ወረወረ። በሚያዝያ 1971 ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር በክብር እንግድነት ተጠራ። እንግድነቱን ትቶ ተወዳደረ። በበረዶ ላይ ተንሸራታች አሸነፈ፣ ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በዚያው ወር ዓለም ስለ አሜሪካና ቻይና "የፒንግ ፖንግ ዲፕሎማሲ" ያወራ ነበር። የማራቶኑ ንጉሥ ራኬት መያዙን ግን ከእኛ ስንቱ ሰምቷል?

አበበ በጥቅምት 1973፣ በ41 ዓመቱ አረፈ። በእግሩ አልሄደም። ተመልሶ ነበር ወይስ አልተመለሰም? እኛ ተመልሶ ነበር እንላለን።

እንግዲህ እኛስ?

ከሐኪሞች የተማርነውን እናካፍላችሁ። እግር ሲዞር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሸትና ሙቀት እብጠቱን ያባብሳሉ። በጨርቅ የተጠቀለለ ቅዝቃዜ፣ ጠበቅ ያለ ግን የማያደነዝዝ ፋሻ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ እግር ይበቃል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ተነሡ። ትከሻ፣ ክርንና ወገብ ደግሞ እንደ ቁርጭምጭሚት በአንድ ቀን አይደለም የሚጎዱት፤ በሺህ ምት ነው። መድኃኒቱም ያው ነው። ምቱን መቀነስ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር።

ጓደኛችን በሦስተኛው ሳምንት መቀመጥ ሰለቸውና ወንበር ጎትቶ ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ። ባለ ጀሶ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ "እናንተም ተቀመጡ፣ ፍትሐዊ ይሁን" አለን። ተቀመጥን። 11 ለ4 አሸነፈን። ሰበብ አላጣንም፤ ወንበሩ ዝቅ ይላል አልን።