ዝባድ

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ፣ ሽቶ ለመቀመም የሚያገለግል ቅባት መሰል ነገር ነው። በዓረብኛ «ዘባድ» ይባላል፤ የእንግሊዝኛው «ሲቬት» የሚለው ስምም ከዚሁ የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። ለዓለም ገበያ ዋናዋ የዝባድ አቅራቢ ኢትዮጵያ ናት።

ባሕርይ

ጥርኝ ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ የአፍሪካ አገሮች የሚኖር፣ ሌሊት የሚንቀሳቀስ የዱር እንስሳ ነው። ድመት ቢመስልም የድመት ቤተሰብ አይደለም። ወንዱም ሴቷም ከብልታቸው አጠገብ ባለ እጢ ዝባድ ያመነጫሉ፤ ግንድና ድንጋይ እየቀቡም ክልላቸውን ያመለክቱበታል። ትኩስ ዝባድ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን እየቆየ ወደ ቡናማ ይለወጣል። እንዳለ ሲሸተት ይከረፋል፤ በአልኮል ሲቀጥን ግን ደስ የሚል መዓዛ ይሰጣል።

አሰባሰብ

በኢትዮጵያ ዝባድ ከሚሰበሰብባቸው ቦታዎች መካከል ጅማ፣ ኢሉባቦርና ወለጋ ይገኙበታል። ጥርኙ ከዱር በወጥመድ ይያዛል፤ የሚመረጠውም ወንዱ ነው። ከዚያ እንደ ልብ በማያዞር ጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። ቤቱ በእሳት ይሞቃል፤ ምግቡም ገንፎ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ነው። በየ9 እስከ 15 ቀኑ እንስሳው ተይዞ እጢው ይጨመቅና ዝባዱ በማንኪያ ይጠረጋል። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። የተጠራቀመው ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ ይሸጣል። ክብደቱን ለመጨመር ቅቤ የሚቀላቅሉበት ስላሉ ገዢዎች ጥራቱን ይመረምራሉ።

ታሪክ

የእናርያ ግዛት ከጥንት ጀምሮ በዝባዱ የታወቀ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሊሙ እናርያ ገበያ የነበረችው ሳቃ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይሸጥባት ነበር። ነጋዴዎች ሸቀጡን በጎጃምና በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ያደርሱት ነበር።

በሽቶ ሥራ

ዝባድ ለራሱ መዓዛ ብቻ አይፈለግም። ሌሎች መዓዛዎች ቶሎ ተንነው እንዳይጠፉም ይይዛል። ለሽታው ዋና ምክንያት የሆነው ውሁድ ሲቬቶን ይባላል። ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1926 እ.ኤ.አ. ሲቬቶን 17 የካርቦን አቶሞች ያሉት ቀለበት መሆኑን አሳየ። ኬሚስቶች ይህን ያህል ትልቅ ቀለበት ይጸናል ብለው አይጠብቁም ነበር። ሩዚችካ በ1939 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከአዶልፍ ቡተናንት ጋር ተጋርቷል።

የጥርኙ አያያዝ

ጥርኝ በዝርያ ደረጃ የመጥፋት አደጋ አላንዣበበበትም። ይሁን እንጂ በሳጥን ውስጥ እምብዛም ስለማይራባ፣ የሞተው የሚተካው ሌላ ከዱር በመያዝ ነው። የእንስሳት ደኅንነት ተቆርቋሪዎች ጠባቡን ሳጥንና በጭመቃው ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ይቃወማሉ። ሲቬቶን ዛሬ በፋብሪካ ስለሚሠራ አብዛኞቹ ሽቶ አምራቾች የተፈጥሮውን ዝባድ ትተዋል። በዚህም ምክንያት በዝባድ የሚተዳደሩ ገበሬዎች ገበያ በአያያዙ መሻሻል ላይ የተመሠረተ ሆኗል።