በሸክላው ሽፋን ላይ ያልተጻፈ ስም

በሮክ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ሰሚውን በመጀመሪያ የሚያስቈጡ፣ ደጋግሞ ለሚሰማቸው ግን የሚገለጡ ሸክላዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ፣ ካፕቴን ቢፍሃርት በሚል የመድረክ ስም የታወቀው አሜሪካዊ ዶን ቫን ቭሊየት፣ ማጂክ ባንድ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ጋራ ሆኖ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ያወጣው «ትራውት ማስክ ሬፕሊካ» ነው። ትርጓሜው የትራውት ዓሣ ጭንብል ቅጂ ማለት ሲሆን፣ ዘፋኙ በሽፋኑ ሥዕል ላይ ፊቱን የሸፈነበት ራስ ግን የካርፕ ዓሣ ነው። ሥራው በሁለት ሸክላዎች ላይ 28 ክፍሎች ይዟል።

መጀመሪያ ስንሰማው ሁለቱ ጊታሮች እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ ከበሮውም ለብቻው መንገድ የሄደ ይመስለናል። የዘፋኙ ሻካራ ድምፅ ደግሞ አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ብዙ ሰው ሙዚቀኞቹ የመጣላቸውን የሚጫወቱ መስሎት በዚህ ይተወዋል። «ሲምፕሰንስ» የተባለውን የካርቱን ፊልም የፈጠረው ማት ግሬኒንግ እንኳ በ15 ዓመቱ ገዝቶ በሰማው ጊዜ እጅግ የከፋ ነገር መስሎት እንደ ነበረ፣ ደጋግሞ ከሰማው በኋላ ግን ከሁሉ አብልጦ እንደ ወደደው ተናግሯል።

ነገሩ በዘፈቀደ የተሠራ አልነበረም። ቫን ቭሊየት ፒያኖ መጫወት ሳይማር በፒያኖ ላይ ቍርጥራጭ ዜማ ይመታል፤ ከበሮ መቺው ጆን ፍሬንች ይህን በኖታ ይጽፋል፤ ከዚያም ቍርጥራጩን አገጣጥሞ ለያንዳንዱ ተጫዋች ድርሻውን ያስጠናዋል። የድርሻዎቹ ርዝመት ስለሚለያይ፣ ለምሳሌ ባለ ሦስት ምት ሐረግ አራት ጊዜ፣ ባለ አራት ምት ሐረግ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ሁለቱ አብረው የሚያበቁት በ12ኛው ምት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን መገናኛ ማድመጥ ለጀመረ ሰው ሸክላው ይከፈትለታል።

ጥናቱ በሎስ አንጀለስ፣ ዉድላንድ ሂልስ በተባለው ሠፈር፣ በአንድ ቤት ውስጥ ስምንት ወር ያህል ቈየ። ሙዚቀኞቹ እንደ ተናገሩት ኑሮው መራራ ነበር፤ ለቀን ምግብ አንዲት ስኒ አኩሪ አተር ብቻ የሚደርሳቸው ጊዜ ነበር፤ ምግብ ሲሰርቁም ተይዘዋል። የቫን ቭሊየት የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበረው አሳታሚው ፍራንክ ዛፓ ወደ ስቱዲዮ ባስገባቸው ጊዜ ግን አብዛኛውን የመሣሪያ ክፍል በስድስት ሰዓት ያህል ጨረሱ። ዘፋኙ የጆሮ ማዳመጫ አላደርግም ብሎ፣ በመስታወቱ አልፎ የሚመጣውን ድምፅ ብቻ እየሰማ ስለ ዘፈነ፣ ያ መቅደምና መዘግየት ከዚህ መጣ።

ቫን ቭሊየት በኋላ ሥራውን ሁሉ በስምንት ሰዓት ተኩል እንደ ደረሰው ይናገር ነበር። ፍሬንች ደግሞ ቀረጻው ካበቃ በኋላ ከጓዱ ተባረረ፤ ሸክላው ሲወጣም ስሙ በሽፋኑ ላይ አልተጻፈም። በጽሕፈት ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ይህን በቸልታ ልናልፈው አይቻለንም። ሐሳቡን ያፈለቀው ቫን ቭሊየት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ያለ እርሱ እንዲህ ያለ ድምፅ ባልተሰማም ነበር። ነገር ግን የሚጽፈውና የሚያስጠናው ባይገኝ ሐሳቡ ከፒያኖው ክፍል ባልወጣ ነበር።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ሸክላ ለዘለቄታ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች ጋራ በ2010 ዓ.ም. መዝገብ አስገብቶታል። ቫን ቭሊየት ሙዚቃን ትቶ ወደ ሥዕል ከተመለሰ ብዙ ዘመን ቈይቶ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ዐረፈ። ፍሬንች በ2003 ዓ.ም. የቀድሞ ጓደኞቹን ሰብስቦ እነዚያኑ ዘፈኖች ራሱ ዘፈነ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ ቤት የሆነውን ሁሉ የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚህኛው ሽፋን ላይ ስሙ አለ።